የእትዬ ዘነበች ድምፅ በጎረምሶቹ ካሴት ላይ

ቤይሩት ላላችሁም፣ ከቤይሩት ወጥታችሁ በየአገሩ ለተበተናችሁም፤ እትዬ ዘነበች ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐርፈዋል። ልባቸው ሲያስቸግራቸው ከርሞ ነበር። እዚሁ ቤይሩት፣ መዝረዓ ሰፈር፣ አብረን በተከራየናት ክፍል፣ ትራስ ተደግፈው «መስኮቱን ክፈቺልኝ» አሉኝ፤ ከፍቼ ዞር ስል ሄደዋል። አስከሬናቸው በዚህ ሳምንት ወደ መንዝ ይገባል። አገር ከመግባታቸው በፊት የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ዙሪያውን ብዞርባችሁ ታገሡኝ፤ ወሬ ስጀምር ቀጥታ መሄድ አይሆንልኝም።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ያውም መስታወት ላይ። ባዕብዳ፣ ጎን ለጎን ባሉ ቪላዎች ስንሠራ ማዳሞቻችን ወዳጆች ስለነበሩ ለትልቅ ጽዳት ያዋውሱን ነበር። እትዬ ዘነበች በሳሎኑ መስታወት ላይ በሳሙና አረፋ ፊደል ይጽፉና «በይ፣ ሳይደርቅ አንብቢ» ይሉኛል። ካላነበብኩ አይጠርጉትም። የመጀመሪያዋን ሙሉ ቃል ሳነብ ፀሐይ አረፋውን አድርቃው ነበር፤ ለማስለቀቅ የሁለታችንም ክንድ ዛለ። «ተማሪዬ ጎበዝ ናት፣ ብቻ መስታወት ታስጨርሳለች» ብለው ለሁሉ አወሩብኝ።

ሐዝሚዬ፣ ቆንስላችን ደጅ ሥራ ያጡ ልጆች በበዙበት ሰሞን ደግሞ ምጀደራ እየሠሩ ይወስዱ ነበር፤ ምስርና ሩዝ ነው፣ ከላይ የተጠበሰ ሽንኩርት አለው። «ለምን ሁልጊዜ ምጀደራ?» ብላቸው፣ «ጾመኛዋም፣ ሙስሊሟም፣ ጴንጤዋም ትበላዋለች። ማን ምን እንደሆነች ሳልጠይቅ ላጉርስበት» አሉኝ። ድስቱን ታቅፈው ታክሲ ሲገቡ ሹፌሩ ሽታው ይጠራውና «ያ ሐጄ፣ ለኔስ?» ይላል፣ እማማ እንደማለት። ለሱም ይደርሰዋል።

ወደ ካሴቱ ልመለስ።

እትዬ ዘነቢ፣ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንላቸው፣ መስታወት ሲወለውሉ የሚያንጎራጉሩት ዜማ ነበራቸው። መዝሙር አይደለም፣ የአገር ቤት ዘፈንም አይደለም። ጨርቁ ዱም፣ ዱም፣ ታክ ይላል፤ እሳቸው በአፍንጫቸው ይከተሉታል። «ምንድን ነው እትዬ?» ስላቸው «የጎረምሶቹ ነው» ይሉኛል። ጎረምሶቹ ማለት የማዳማቸው ልጅ ሮኒና ሦስት ጓደኞቹ ናቸው። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ሃርድ ሮክ የሚሉትን የሚጫወት ባንድ አቋቁመው ቪላው ሥር ጋራዥ ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ማዳም ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ሳሎን ትቀመጣለች። እትዬ ዘነቢ ሳንድዊች ይዘው ይወርዱና ቶሎ አይመለሱም።

እኔ እንኳ አንድ ቀን ከደረጃው ላይ ሰምቼ «እትዬ፣ ይሄ ምኑ ዘፈን ነው?» ብያቸው ነበር። «ላዩን አትስሚው፣ ከሥሩ ያለውን ስሚ» አሉኝ። ጆሮዬን ደቅኜ ቆየሁ፤ ያው ጩኸት ነው። ጴንጤዋ ጎረቤታችን ሰብለ ደግሞ በቅርቡ ያንን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ሰምታ «እትዬ፣ ይሄኮ የሰይጣን ነው» ብትላቸው፣ «አይ የኔ ልጅ፣ ሰይጣን ጊታር ለመማር ትዕግሥቱ የለውም» አሏት።

ባንዱ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። አንዱ ካናዳ ሄደ፣ አንዱ ዱባይ፣ ከበሮ መቺው አገባ፤ ኸላስ፣ አበቃ። ኮንሰርት ያሳዩት አንዴ ብቻ ነው፣ እዚሁ መዝረዓ፣ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ አሮጌ ሲኒማ ቤት ውስጥ። ጥቁር ሸሚዞቻቸውን የተኮሱላቸውም፣ ስንቃቸውን የያዙላቸውም እትዬ ዘነቢ ስለነበሩ አብረው ሄዱ። ኮንሰርቱን ለመቅዳት ያሰበ ከሳቸው በቀር ማንም አልነበረም።

ያን ጊዜ ስልክ ውድ ስለነበር ከቤተሰብ ጋር የምናወራው በካሴት ነው። ድምፃችንን እንቀዳና አገር ለምትገባ ልጅ እንሰጣለን፤ እናቶቻችንም ለቅሶና ምርቃት ሞልተው ይመልሱልናል። እትዬ ዘነቢ ለእናታቸው የጀመሩት ካሴት ነበር፤ ትንሿን ቴፕ በቦርሳ ይዘው ገብተው በዚያው ላይ ቀዱት። የምታደርሰው ልጅ ሳትነሣ ግን የእናታቸው መርዶ መጣ። ካሴቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ቴፑም ተበላሸ። እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት በራችን ተንኳኳ። ጠጉሩ የሸሸ፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ቆሟል። እትዬ ዘነቢ ከላይ እስከ ታች አይተው «ሮኒ! ያ ሁሉ ጠጉር የት ገባ?» አሉት። ተቃቅፈው ሳቁ፤ እሱ እንዲያውም አለቀሰ። የተረሱ የቤይሩት ባንዶችን ድምፅ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ አሉ። እሱን አግኝተው «የእናንተ አንዲት ቅጂ እንኳ የለችም?» ሲሉት የእትዬ ዘነቢ ቴፕ ትዝ አለው። ካሴቱን ከነጠላው ፈትተው ሰጡት።

ቆይቶ ሲመለስ ደስታም ጭንቀትም ፊቱ ላይ ነበር። «ድምፁ ተገኝቷል፤ ግን በዘፈኖቹ መካከል አንቺ ታወሪያለሽ። ባለሙያው ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ንጹሕ ይሆናል» አላቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቤታችሁን ሳጸዳ ኖሬ ዛሬ እኔ እድፍ ሆንኩ?»

«ኧረ ዘነቢ፣ እንደሱ አይደለም! ያኒ፣ ማለቴ፣ የምትዪው ለሰሚው አይገባውም።»

«ያንተንስ ጩኸት ማን ገባው?»

ሳቄ አምልጦኝ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስመለስ ግን እትዬ ዘነቢ አይስቁም። «ድምፄን ካወጣችሁ ካሴቱን መልስልኝ። ለእናንተ ብዬ አልነበረም የቀዳሁት» አሉት። «እሺ፣ ምን እንደምትዪ ንገሪኝና ላስረዳቸው» ሲል ለመናቸው። «የእናትና የልጅ ወሬ ነው» ብለው ዘጉት። ሮኒ «ላስብበት» ብሎ ወጣ።

እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ምን ይሆን ያሉት? ስጠይቃቸው «አንቺ ልጅ፣ የልጅ ልጅ አይተሽም ማወቅ አልጠገብሽም?» ይሉኛል። አልጠገብኩም። ሮኒ ሳይመለስ እሳቸው አልጋ ያዙ። በመጨረሻው ሰሞን ከደጅ በገባሁ ቁጥር «ያ ልጅ ደወለ?» ይሉኝ ነበር። መድኃኒታቸውን እንኳ እንደዚያ አልጠየቁም።

ሐሙስ ዕለት ለቅሶ ላይ ሮኒ መጣ። ክፍሉም ኮሪደሩም በሴቶች ሞልቷል። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ከኛ ጋር ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ «ኻልቶ» አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው። «ሁለት ቅጂ አድርገነዋል፤ አንዱ ድምፅዋ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ጓደኞቼ የሌለበትን መርጠዋል። እኔ ቃል ሳልሰጣት ሞተችብኝ። ምን እንደምትል ንገሪኝና ልወስን። ዕድሜ ልኬን በጩኸታችን ተማርራ የምትጸልይብን ይመስለኝ ነበር።»

አመነታሁ። የእናትና የልጅ ወሬ ነው ብለዋል። ዝም ካልኩ ደግሞ ድምፃቸው ሊቆረጥ ነው። ይሄን ሳወጣ ሳወርድ ሰብለ ቀደመችኝ፤ «አሰማን» አለችው።

ስልኩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ ከፈተው። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚናድ ነው የሚመስለው። ከበሮው ይደበድባል፣ ሮኒ በጎረምሳ ጉሮሮው ይጮኻል። ዘፈኑ አብቅቶ ጭብጨባውና ፉጨቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከቴፑ አጠገብ፣ ለስለስ ያለ የወጣት ሴት ድምፅ፦

«እማዬ፣ አይዞሽ፣ ጦርነት አይደለም። ዘፈን ነው።»

ለሮኒ በዐረብኛ ነገርኩት። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ።

ሌላ ዘፈን ሄደ፤ ድምፃቸው ተመለሰ። «አልቋል ስልሽ አታምኚኝም፤ ይኸው በጆሮሽ ስሚ። እዚህ አገር ልጆቹ አሁን የሚይዙት ጊታር ነው። ያ የሚደበድበው ቀጭን ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ የማበላው። የሚጮኸው የማዳሜ ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ድምፁ አያምርም፣ እሱ ግን አያውቅም።»

ሴቶቹ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው በሳቅ ፈረሱ። ሮኒ «ምን አለች? ምን አለች?» ይለኛል። ስነግረው እሱም ሳቀ፣ እንባው እየወረደ። ድምፃቸው የሌለበትን ቅጂ እዚያው ፊታችን ከስልኩ ላይ አጠፋው። ከዚያ ካናዳ ላለው ጓደኛው ደውሎ በሩ ላይ ቆሞ ይሟገት ጀመር፤ «ኸላስ! ዘነቢ ትቀራለች፣ ካልሆነ የኔንም ድምፅ ቁረጡት!» አንዷ «ኧረ ሐዘን ቤት ነው፣ ቀስ ይበል» ስትል ሰብለ «ተይው ይጩህ፣ እትዬ ይወዱለት ነበር» አለቻት። ተመልሶ ሲገባም «ከመጀመሪያው አድርግልን» ያለችው እሷው ናት።

እትዬ ዘነቢ፣ ያ ልጅ ደውሏል፤ እንዲያውም በእግሩ መጥቷል። ድምፅዎ አልተቆረጠም። የእናትና የልጅ ወሬዎን ሰው ፊት በማውጣቴ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ቁጣዎም ናፍቆኛል። ከሥሩ ምን ይሰሙ እንደነበር ግን ገና አልደረስኩበትም። ትናንት የዚችን ክፍል መስኮት ስወለውል ጨርቄ ዱም፣ ዱም፣ ታክ ሲል ያዝኩት፤ እየተማርኩ ነው፣ ተማሪዎ ነኝና ይታገሡኝ። ካሴቱ ሊያበቃ ሲል «እማዬ፣ ሊያልቅብኝ ነው፤ የቀረውን ስመጣ እነግርሻለሁ» ብለዋታል። ይኸው ከጎኗ ሊያርፉ ነው። ያላ እትዬ፣ ደህና ይግቡ፤ የቀረውን ይንገሯት።