ካፈጠሩ በኋላ የተዋጠ ክኒን

ሸሪፋ ሳይደክማት የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው የኖርነው፤ ስታዛጋ ሳይቀር ይሰማኛል። ባሏ በሺር ለዘመቻ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እሷ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ማታ በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ጠዋት ያንኑ ዳገት ትወጣለች። ገና ጎኗን ሳታሳርፍ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። እኔ ዓይኔን ገልጬ መተኛት ለምጃለሁ፤ እሷ ግን አልቻለችበትም፤ እዚያው አግዳሚው ላይ ታንኮራፋለች።

በዚህ ሁሉ ላይ መዲና አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ሌሊት ስትሠራ እኔ ቤት ስለምታድር የምናገረውን አውቃለሁ። ሰሃን አቀብዪኝ ስትባል ሰሃኑን ይዛ ውጭ ትወጣለች፤ ውጭ ድመት ካየች ሰሃኑን ጥላ ድመቷን ትከተላለች። ክፋት የለባትም፤ አንድ ቦታ መርጋት አቃታት እንጂ። ሸሁ ዱዓ አደረጉላት። እኔም ጠበል እንውሰዳት አልኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ እንየው የተባለው አስተማሪዋ ሸሪፋን አስጠርቶ፣ «እስከ ሰኔ ፈተና አርፋ መቀመጥ ካልቻለች ለከርሞ አልመዘግባትም፤ ስድሳ ልጅ ነው የማስተምረው» አላት። እሱም ደክሞታል፤ አልፈረድኩበትም።

ሐኪም ቤት የወሰደቻት ያኔ ነው። ዶክተር ደምመላሽ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ልጅቷን መዘናት፤ ልቧን በማዳመጫ ረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ በቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት ወይም በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ከዚያ ሪታሊን የሚባል ክኒን ሰጣት። ጠዋት ቁርስ በልታ አንድ፤ ከቀትር በኋላ በፍጹም አይሰጥም። ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቶሎ አምጫት፤ ባታዪም በየወሩ አምጥተሽ አስመዝኚያት፤ ለሌላ ልጅ እንዳትሰጪ። ይህን ሁሉ ሲነግራት ሸሪፋ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥታ ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ግማሹን ስታንቀላፋ ነው የሰማችው።

ክኒኑ ሠራ። መዲና በሳምንቱ ደብተሯ ላይ መስመር ሳትስት መጻፍ ጀመረች። ምሳ መብላት ቀነሰች እንጂ ሌላ አላየንባትም። ከሪማ የምትባል ጎረቤታችን ለልጇ አንድ ፍሬ ስትለምን ሸሪፋ እምቢ አለች፤ ያቺን የዶክተሩን ቃል እንኳ ሰምታለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሸሪፋ ጠዋት እንደ ሰው ተኛች።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ረመዳን ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ገባ። ሸሪፋ ለወሩ የጠዋት ፈረቃ ለምና አገኘች። ሳይነጋ ሱሁር በልታ ትወጣለች፤ ከሰዓት ተመልሳ ፊጥራ ታዘጋጃለች፤ ካፈጠረች በኋላ ልጇን አጠገቧ አስተኝታ ትወድቃለች። መዲና፣ «ዘንድሮ እኔም እፆማለሁ» አለች። የክፍሏ ልጆች ፆም ሲይዙ እሷ እስከ ቀትር ችላ አታውቅም ነበርና ይስቁባት ነበር። አሁን ቻለች። ሸሪፋ ደስ አላት፤ ምን እናት ደስ አይላትም?

ክኒኑስ? ቀን ከተዋጠ ፆም ያስፈታል። ስለዚህ ሸሪፋ ለእኔም ሳትነግረኝ ወደ ማታ አዛወረችው፤ ካፈጠረች በኋላ አንድ። የሚያረጋጋ መድኃኒት ማታ ቢሰጥ ጭራሽ ደህና ያስተኛታል ብላ አሰበች።

ልጅቷ ከሳች፤ ፆሙ ነው አልን። ዓይኗ ጎደጎደ፤ እሱንም ፆሙ ነው አልን። ፆም ስንቱን ነገር ይሸፍናል! ረመዳን ሲጋመስ ከእኔ ጋር ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ቆማ ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደረቷን ስነካው ልቧ እጄ ሥር ይዘላል። እንዴት አድርጌ ሐኪም ቤት እንዳደረስኳት አላውቅም።

ሸሪፋ በላክነው ሰው ተጠርታ ስትደርስ የፈትሉ ብናኝ ገና ሻሿ ላይ ነበር።

«መቼ ነው የምትሰጫት?» አለ ዶክተሩ።

«ካፈጠረች በኋላ ነው ዶክተር፤ ቀን ፆመኛ ናት።»

ግንባሩን ያዘ። «ሸሪፋ፣ ይኼ እኮ የሚያነቃ ነገር ነው። እሷን የሚያረጋጋት ሐሳቧን ሰብስቦ በማንቃት ነው። ማታ ጫት የቃመ ሰው ይተኛል?»

«ያ ረቢ! እንደ ጫት ነው?»

«በዚህ በኩል ይመስለዋል። ልጅቷ ያልተኛችበትን ሌሊት አስቢው። ቀን አትበላ፣ ማታ ክኒኑ ምግብ ይዘጋባታል። አጠገቧ እየተኛሽ እንዴት አላወቅሽም?»

የመለሰችው መዲና ናት፤ ጉሉኮሱ ክንዷ ላይ እንደተሰካ።

«እማ ምን ታውቅ? እኔ እንደሁ አልተነቃነቅሁ። ደክሟት ነው የተኛችው፤ እንዳትነቃብኝ ብየ ዝም አልሁ።»

«ሁልጊዜ?» አለ ዶክተሩ።

«ወላሂ፣ ሁልጊዜ።»

አንድ ደቂቃ ተቀመጪ ቢሏት የማትችል ልጅ! እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ዶክተሩም ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፦ ክኒኑ ልቧ እስኪረጋጋ ይቆማል፤ ልጅ ናትና መፆም አይጠበቅባትም፤ ሸሁንም ጠይቂ፤ ከኢድ በኋላ መዝኜ ልቧን ዳግም አዳምጬ፣ ደህና ከሆነች በግማሽ፣ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ እንጀምራለን። የሰኔውን ፈተና ጉዳይ አስተማሪዋን እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ አለ።

እሱ ሲወጣ ሸሪፋ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋደም አለች። «በይ ዛሬ አንች ተኝ» አለቻት፤ «እኔ ነቅቼ እጠብቅሻለሁ፤ ወላሂ አልተኛም።»

ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ሸሪፋ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። መዲና ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ እግሯን እንኳ ሳታነቃንቅ አጠገቧ ተጋድማለች። እኔን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።