ምሳ ፍለጋ በጅቡቲ

አብዱልሰመድ ከሰመራ ጅቡቲ ከዐሥር ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድቷል። ከተማውን ግን አያውቀውም። የሚያውቀው ወደቡንና የመኪና ማቆሚያውን ነው። ተራው እስኪደርስ ተሳቢው ጥላ ሥር ፓስታ ቀቅሎ፣ ከቤት የያዘውን በርበሬ ነስንሶ ይበላል፤ ይተኛል፤ ጭኖ ይመለሳል።

ባለፈው ጥር ባለቤቱ ሐጂራ አብራው ሄደች። ሰመራ ላይ ሱቅ አላት፤ ባሕር ግን አይታ አታውቅም። ድንበሩ ላይ ገላፊ አድረው በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡና መኪናውን አቁመው በታክሲ ወደ መሀል ከተማ ሄዱ።

«እንግዲህ አገሩን የምታውቀው አንተ ነህ» አለችው። «ጥሩ ምግብ የት ነው ያለው? የሚያቃጥል ይሁን ብቻ።»

አላውቅም ማለት ከበደው። ባሕሩ ዳር ነጭ መጋረጃ ያለው ቤት አየና አስገባት። ሩዝ በዶሮ መጣ። ሐጂራ አንድ ሁለቴ ጎርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለሆድ ሕመምተኛ የተሠራ ነው የሚመስለው።»

«ወላሂ ሐጂራ፣ እዚህ ከተማ ምግብ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

አልሳቀችበትም። «ይኼን ሁሉ ዓመት መኪና ሥር ብቻህን?» አለችና ተነሣች።

ገበያው ዳር ሐጂራ ሎሚ የምትሸጥ ሴት ከጎረቤቷ ጋር በአፋርኛ ስታወራ ሰማች። አፋርኛውን ከደንበኞቿ ለምዳ ታቀላጥፈዋለች። ጠጋ አለቻትና እንደ አፋር ደንብ ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። የምሳውን ነገር ያነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ሎሚዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ እስከ አንድ ምግብ ቤት ደጅ ድረስ አደረሰቻቸው።

የየመኖች ዓሣ ቤት ነው። ወንበሩ ፕላስቲክ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ ቀይ በርበሬ ቀብተው፣ ሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠብሱታል። ከሰፊ ቂጣና ከአረንጓዴ ቃሪያ ዳጣ ጋር ወረቀት ላይ አድርገው አቀረቡላቸው።

ሐጂራ ቆርሳ ዳጣው ውስጥ ነከረች። ግንባሯን ላብ ወረረው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አስተናጋጁ ደንግጦ ውኃ ይዞ መጣ።

«ውኃው ይቆይ፤ ዳጣ ይጨምርልኝ በለው» አለችው ባሏን።

አብዱልሰመድ ባዶውን የዳጣ ሳህን በጣቱ አሳየ። ስትበላ እያያት ደስ ብሎታል፤ ያለፉት ዓመታት ግን ቆጭተውታል።

አሁን ጅቡቲ በገባ ቁጥር ዓሣ ቤቱ ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሌላ ሹፌር አስከትሎ። ሐጂራ ደግሞ ሙቀቱ በረድ ሲል እኅቷን ይዛ ለመሄድ ፓስፖርት እያስወጣችላት ነው።