የምሥጋናው ፈረስ

ደባርቅ ላይ «አሻግሬ» ቢሉ «የትኛው አሻግሬ?» ይባላል። «ባለ አውሮፕላኑ» ሲሉ ግን የሚስተው ሰው የለም። ሰውዬው ግን በዕድሜው አንድ ቀን አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ቱሪስት እየመራ በሰሜን ተራሮች ሳንቃ በርንና አምባራስን በእግሩ ሲለካ ኖሮ ጉልበቱ ያለቀበት አስጎብኚ ነው። ስሙ የወጣለት ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሲገጣጥም በመክረሙ ነው። እሱ ፊት «አሻንጉሊት» ያለ ሰው ግን ወዮለት።

እውነቱን ለመናገር አሻግሬ ከዚያ በፊትም በራሱ ስም ሲጠራ የኖረ ሰው አይደለም። እናቱ እማማ በለጠች ከጓሮ ባለችው ቤት ትኖራለች። በሯን በገፋ ቁጥር ከውስጥ የምትመጣው ጥያቄ አንዲት ብቻ ናት።

«ምሥጋናው ነህ?»

«አይ እማዬ፣ እኔ ነኝ። አሻግሬ።»

«እንዲያ ነው? ግባ በል።»

ይህን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጥርሱ እስኪረግፍ ሲመልስ ኖረ። ክፋት የላትም። ዓይኗን ሞራ ሳይጋርደውም እንዲሁ ነበረች። ቢሆንም ሰው የእናቱን ቤት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሆኖ ሲገባ ሲወጣ ልቡ ይሻክራል። የአሻግሬም ሻክሮ ነበር።

ምሥጋናው ታላቅ ወንድሙ ነው። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ገብቶ ሚግ የሚባለውን የጦር አውሮፕላን ያበር ነበር። አንድ የገበያ ቀን የደባርቅን ቆርቆሮ ሊልስ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ አለፈ። በቅሎዎቹ ገመዳቸውን በጠሱ፣ ጤፉ ከገብሱ ተደባለቀ፣ ቄሱም ዲያቆኑም መሬት ተኙ። እማማ በለጠች ብቻዋን ቆማ ነጠላዋን አውለበለበች። «በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን አይቻለሁ!» ብላ ማለች። በዓመቱ ምሥጋናው ወደ ሰሜን ለግዳጅ ወጣና በዚያው ቀረ። ወድቋል ብሎ የመሰከረ የለም፤ ተማርኳል ያለም የለም። አንዱ ሱዳን ውስጥ አየሁት ይላል፣ ሌላው አንገቱን ይሰብራል። ከዚያ ደርግም ወደቀና የሚጠየቅ ሰው ጠፋ።

ሽማግሌዎች እርሟን እንድታወጣ ለመኗት። የነፍስ አባቷ መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስም ተመላልሰው፣ «በክርስትና ስሙ ጸሎት ላድርስለት፤ ብቻ አርፏል በዪኝ» አሏት።

«አባቴ፣ ምኑን ይዤ?» አለቻቸው። «አስከሬኑ የለ፣ ልብሱ የለ። ወላጅ አባቴ ያረፉ ጊዜ ፈረሳቸው ተጭኖ፣ ጋሻቸው ተንጠልጥሎበት ለቅሶውን ዞረ። ሰዉም ያንን አይቶ አለቀሰ። የኔ ልጅ ፈረሱ የታለ? ፈረሱን አምጡልኝና ላልቅስ።»

መምሬም መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። እሷም በሰማይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከደጅ መቆሟን ቀጠለች።

የአውሮፕላኑን ሳጥን የላከው አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ነው። ሳንቃ በር እሳት ዳር አሻግሬ የወንድሙን ፎቶ አሳይቶት ነበር። ምሥጋናው አውሮፕላኑን በትከሻው ተደግፎ የሳቀበት ፎቶ ነው። ጀርመኑ አገሩ ላይ እንዲህ ያለውን በልኩ አሳንሶ መገጣጠም ልማዱ ኖሮ፣ በዓመቱ በሌላ መንገደኛ እጅ ይህን የሚያክል ሳጥን ላከለት። ሳጥኑ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ኋላ የሰሜኑ ጦርነት መጥቶ ቱሪስት ሲጠፋና አሻግሬ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ አንድ ጠዋት አወረደው። ክንድ ተኩል የሚሆን ሚግ፣ ክፍሎቹ በፕላስቲክ ፍርግርግ ላይ እንደ ወይን ፍሬ ተንጠልጥለው ተኝተዋል። አንድ አውራ ጣት የሚያህል፣ የተቀመጠ አብራሪም አለ።

እናቱ ዘንድ ሄዶ፣ «እማዬ፣ ፈረሱን ላመጣልሽ ነው» አላት።

 «ስትጨርስ ንገረኝ» አለች።

አሻግሬ የፈለገው አንድ ነገር ነው። እናቱ ሳትሞት እርሟን ታውጣ፤ ምሥጋናውም ይረፍ፤ ከዚያ ወዲያ በሩን ሲገፋ በራሱ ስም ይግባ።

ሥራው ያዘው። ክፍሎቹን በምላጭ እየቆረጠ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ፣ እሾህ በሚያወጣበት ወረንጦ እያነሣ በማጣበቂያ ገጠማቸው። ለወንበሩ መታጠቂያ የማስቲካ ብርማ ወረቀት በቀጭኑ ሰነጠቀ። ለጎማዎቹ ማጠፊያ ከአሮጌ ሬዲዮ የመዳብ ክር መዘዘ። ከሳጥኑ የወጣውን የባዕድ አገር ኮከብ ምልክት ጥሎ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በስንጥር ጫፍ ቀባ። ጭስ ማውጫውን በጥላሸት አጠቆረ። የአብራሪውን ቅንድብ ሲስል ትንፋሹን ዋጠ።

ሚስቱ ጤናዬ አንደበቷ አያርፍም። «ድሮ ባሌ ፈረንጅ ይዞ ይዞር ነበር» ትላለች ለጎረቤት፤ «አሁን ሙጫ ሲያሸት ይውላል። ማረፊያ ሜዳውን የት ሊያደርገው እንደሆነ እንጃ፤ የድንች መደቤን እንዳይነካ ብቻ!»

አውሮፕላኑ መልክ እየያዘ ሲመጣ ግን የአሻግሬ እጅ መዘግየት ጀመረ። ያለቀውን ያፈርሳል፣ የደረቀውን ዳግም ይቀባል። በፎቶው ላይ የአውሮፕላኑን ቁጥር መጨረሻ የምሥጋናው ትከሻ ጋርዶታል። አሻግሬም «ቁጥሩን ሳላውቅ እንዴት እጨርሳለሁ?» እያለ ያንን ቦታ ባዶውን ተወው። ጤናዬ፣ «ማን ሊቆጥርብህ ነው?» ብትለው አኮረፈ። በጠራራ ፀሐይ ክንፉን ሲያለሰልስ ከበሩ ወዲያ ፉጨት የሰማ ይመስለዋል። ምሥጋናው ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያፏጫት፣ መጨረሻዋ ከፍ የምትል ናት። ወጥቶ ያያል። ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል እንጂ ሌላ ነገር የለም። አሻግሬ ፈራ። ገደል ለገደል ሲሄድ የኖረ ሰው፣ በቀን ብርሃን የገዛ ቤቱን ፈራ።

አንድ ቀን ከገበያ ቢመለስ አብራሪው የለም። አውሮፕላኑ በቦታው ነው፤ የመስተዋቱ ክዳን በጎኑ ተከፍቷል፣ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። ጠረጴዛውን ገለበጠ፣ ምንጣፉን አራገፈ፣ ጤናዬን በመጥረጊያሽ ጠርገሽ ጣልሽው ብሎ ተጣላት።

«ወንድምህን እኔ ጣልኩት?» አለችው እያለቀሰች። በዚያ ቀን ቀልዷም ጠፋ።

ወደ እናቱ ቤት ሲገባ ደግሞ የባሰ መጣበት። ሙጫ ገብቶበት በማያውቀው ቤት ሙጫ ሙጫ ሸተተው። «ምሥጋናው ነህ?» አለች እናቱ ከመደቧ። አሻግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን ሳይነግራት በሩን መልሶ ዘጋ። ያ ባዶ ወንበር በሄደበት ሁሉ ይከተለው ጀመር። ይኸው ደግሞ ጠፋ፣ በእጄ ላይ ሁለተኛ ጠፋ ይላል ለብቻው።

ያን ባዶ ወንበር ቤቱ ማቆየት ስለፈራ፣ የቁጥሩን ቦታ እንደተወው ማዘግየቱን አቆመ። «እማዬ፣ ፈረሱ ደርሷል። ግን ባዶውን ነው» አላት።

«ባዶውን?» አለች። የነጠላዋን ጫፍ በመዳፏ ጨበጠች። «ይሁን። ሰው ጥሩ።»

ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ከዳባትም ከደረስጌም መጣ። አንዳንዱ የራሱም ሰው እንዲሁ ጠፍቶበት፣ አንዳንዱ ነገሩን ሊያይ ነው የመጣው። አሻግሬ አውሮፕላኑን ጋቢ በለበሰ ትሪ ላይ አድርጎ፣ ፈረስ እንደሚስብ ሰው ቀስ እያለ ለቅሶውን ዞረ። መጀመሪያ ላይ አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ወዲያው አንዲት አልቃሽ በእናቱ ፈንታ ድምፅዋን አነሣች፤

«የጎረቤት ፈረስ ሣር ግጦ ይመጣል፤
የልጄ ፈረስ ግን ደመና ላይ ቀርቷል።»

ሳቁ እዚያው ሞተ። በቅሎው ገመድ የበጠሰበት ሽማግሌ ሁሉ ያንን የገበያ ቀን አስታውሶ ተንሰቀሰቀ። ጤናዬ ደረቷን ደቃች። እማማ በለጠች ብቻ ዕንባ የላትም። አሻግሬ ትሪውን ከጉልበቷ ላይ አኖረላት። ጣቶቿ አፍንጫውን፣ ክንፉን፣ ጎማውን ዳሰሱ፤ የተከፈተው ክዳን ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«መስተዋቱ ይኸ አይደል?»

«እሱ ነው እማዬ።»

የነጠላዋን ጫፍ ወደ ጥርሷ አስጠግታ ቋጠሮውን ፈታችው። የሙጫ ሽታ ወጣ። አብራሪው ከቋጠሮው ውስጥ ነበር፤ ከመታሸቱ ብዛት አሻግሬ የሳለው ቅንድብ ለቋል።

«ገበያ የወጣህ ለት፣ ከፈረሱ ጋር አይሂድብኝ ብዬ በዳበሳ ነው ያወረድኩት» አለች። «እዚህ ሲሞቅ ከረመ። ልቤ ግን አላረፈም። ተቀምጦ የተሠራ ነውና አያስተኙት፣ አያቆሙት።»

በጣቷ ወንበሩን ፈልጋ ልጇን አስቀመጠችው። ወዲያና ወዲህ አስተካከለችው።

«በል ዝጋው።»

አሻግሬ እጁን ዘረጋና መለሰው። ይህን ቀን ስንት ዘመን ሲጠብቅ ኖሮ፣ አሁን ያንን ስስ መስተዋት ለመግፋት ጣቱ እምቢ አለው። ወንድሙን ሲጠብቅ የኖረው እሱም ነበር ለካ! እሷን ብቻ ይመስለው ነበር።

«ዝጋው እንጂ ልጄ» አለች እናቱ፤ «ብርድ ይገባበታል።»

ዘጋው። ያን ጊዜ ጩኸቷ ወጣ፤ እንኳን ድንኳኑ ተራራውም የሚሰማው ነበር። መምሬ ሃብተ ጊዮርጊስ ተነሥተው የምሥጋናውን የክርስትና ስም ጠርተው ጸሎቱን ጀመሩ።

ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ድንኳኑ ሲነቀል ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አሻግሬ እናቱን ሊያይ ወደ ጓሮ ሄደ። መልሱን እንደ ልማዱ ምላሱ ላይ አዘጋጅቶ በሩን ገፋ።

«አሻግሬ ነህ?» አለች ከውስጥ።

ዕድሜውን ሙሉ የተመኛት ጥያቄ ይህች ነበረች። ደፉ ላይ ቆመ። ከኋላው ሰው የቆመ መስሎት ዞሮ ግቢውን አየ፤ ማንም የለም። ሊሰማት የሚፈልጋት ያቺኛዋ፣ የድሮዋ ጥያቄ ሆና አገኛት።

«አሻግሬ ነህ ወይ?»

«አዎ እማዬ» አለ፤ «እኔ ብቻ ነኝ።»