የመርሳ ሰው ለልጄ ሳንባ ያዘዘው

ከኮሮና ወዲህ መርሳ ላይ «ኢሚዩኒቲ» የማይል ሰው የለም። ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር ትለዋለች። የሰባት ዓመት ልጄ አስም እንዳለባት ከታወቀማ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆኖ አረፈው። አንዷ ፌጦ በማር በጥብጣ ትመጣለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት አንገቷ ላይ እንሰር ትላለች፣ ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥላት» የሚልም አልጠፋ። የሰውነቷን መከላከያ ሊያጠነክሩላት ነው እኮ! ፌጦውን እንኳ አጠጥቻታለሁ፤ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

ወልድያ ያለው ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። «የሰውነቷ መከላከያ እንደ ድንጉጥ ዘበኛ ነው። ምንም የማያደርጋትን አቧራና የአበባ ብናኝ ሌባ ነው ብሎ ይረብሻል፤ በሱ ግርግር የአየር ቧንቧዋ ያብጣል። የሚያስፈልገው ማጠንከር ሳይሆን ማረጋጋት ነው» አለኝ። እኛ ለካ ድንጉጡን ዘበኛ ስንቀልብ ነው የከረምነው! ጠዋትና ማታ በአፏ የምትስበው ፓፍ ሰጠኝና «ደህና ብትሆንም እንዳታቋርጪ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሳል የለ፣ ሲር ሲር የለ፣ እንደ ልጅ ሮጠች።

ይኼኔ ጎረቤቴ አሮጊቷ መጡ። «አንቺ፣ ይቺን ነገር ከአፏ አታወርጂም? ሱስ ይሆንባታል! ነገ ማን ያገባታል?» አሉኝ። በልቤ ሳቅኩባቸው። የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ በአሮጊት ወሬ የምረታ ነኝ እንዴ? በማግስቱ ፓፉን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ወር ሳይሞላ ልጄ ትንፋሽ አጠራት። አቅፌያት ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። በዚያ ሙቀት መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም! «ኧረ በእናታችሁ ክፈቱ፣ ልጄ ታፈነች!» ብዬ ጮህኩ። ከኋላዬ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ «ተይ የኔ ልጅ፣ ነፋስ ገብቶ ይገድላታል» አሉ። መኪናው በሙሉ «እውነታቸውን ነው» አለ። በዓለም ላይ አየር የሚገድለው የኛን አገር ሰው ብቻ ነው መሰለኝ። ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊወርድ በሩ ሲከፈት ፊቷን ወደ ውጭ አወጣሁላት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ሽማግሌ ሳልል፣ ሹፌር ሳልል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሰደብኳቸው። አላፍርበትም። ከዚያ እስከ ወልድያ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሁሉም አፍንጫውን ሸፍኖ ሄድን።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን ተደረገላት። ከንፈሯ ቀስ በቀስ መልኩ ሲመለስ እኔም ነፍሴ ተመለሰች፤ ምላሴም አብሮ ተመለሰ። ሐኪሙ መጥቶ ደረቷን አዳመጠና «መድኃኒቱን ማን ነው ያስቆማት?» ሲል ጠየቀ።

«ምን ላድርግ ዶክተር፣ ይኼ የኛ ሰው እኮ ሳይማር…» ብዬ ጀመርኩ።

ልጄ የኦክስጅኑን ጭምብል በሁለት እጇ ከአፏ አነሳች።

«እማዬ ናት» አለችና መልሳ አጠለቀችው።