ዘርፉ ማውንቴን ስትመርጥ

ዘርፉ ወደ ሳይክል የተመለሰችው በናፍቆት አይደለም፤ በንቀት ነው።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ አዳማ መሀል ከተማ፣ አደባባዩ ዳር፣ አንድ የሳይክል ክለብ ቆሞ አየች። ሆዳቸው ከፊታቸው የሚቀድም ነጋዴዎችና ኃላፊዎች፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቀውን የእሽቅድምድም ልብስ ለብሰው፣ ዋጋቸው ባጃጅ የሚገዛ ሳይክሎች ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶው ሲያልቅ ተሰልፈው ተነሱ። ዘርፉ «የት ይደርሱ ይሆን?» ብላ በዓይኗ ተከተለቻቸው። እነሱ ግን ከአንድ ካፌ ጥላ ሥር ወርደው ማኪያቶ አዘዙ።

«እነዚህ ሳይክል ነጂ ከተባሉ» አለች ቤት ገብታ ነጠላዋን እያጠፈች፣ «እኔ ምን ልባል ነው?»

«ፋርማሲስት» አለ ባሏ ምንተስኖት፣ ከሚያነበው ቀና ሳይል።

ልክ ነው። ዘርፉ ገበያው አጠገብ ካለ የመድኃኒት መደብር ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትቆም ዓመታት አልፈዋል። አፏ ከቢላ ይሰላል። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ስጪኝ የሚላት ደንበኛ መድኃኒቱን ትቶ ስድቡን ይዞ ይወጣል። ሰው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ እንደማትዋሽ ያውቃላ። ከጋዋኑ በፊት ግን ሌላ ሕይወት ነበራት። በልጅነቷ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ የማውንቴን ሳይክል ተወዳዳሪ ነበረች። በዚያ ክለብ ውስጥ ከእሷና ጂቱ ከምትባል የአዳሚ ቱሉ ልጅ በቀር ሴት አልነበረም። ሁለቱ በኮረት ዳገት ላይ አፈር ግጠዋል፤ ክርናቸውን፣ ጉልበታቸውን ልጠዋል፤ ወንዶቹንም አሳፍረዋል። በኋላ ክለቡ ፈረሰ። ሳይክሎቹ የክለቡ ንብረት ስለነበሩ መጋዘን ገቡ። ዘርፉ ተማረች፣ አገባች፣ ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ አሳደገች። አሁን ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ቤቱም ጸጥ ብሏል።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሳይክል መሸጫ ገባች። ሻጩ ጺሙን በማሽን ያሰመረ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ ለልጅ ነው?» አላት።

«ለራሴ ነው።»

ዓይኑን ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ካንሸራሸረ በኋላ ከፊት ቅርጫት ያለው ሮዝ ሳይክል ጎተተላት። «ይኼ ይመችዎታል። ከገበያ ሲመለሱም ዕቃ ይይዛል።»

«ቲማቲም ልጭንበት አልመጣሁም። ማውንቴን አሳየኝ።»

ጎልማሳው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሌላ አመጣ። ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ብረቱ እንደ ውኃ ቧንቧ ወፍራም ነው። «ይኼ የመጨረሻው ነው፣ እናቴ። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው። ሃያ አንድ ማርሽ። ዲስክ ፍሬን። የጀርመን ዕቃ።»

ዘርፉ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ኮርቻውን በሁለት እጇ ተጫነችው። የኋላው ሞላ ሲጢጥ ብሎ ወረደ፤ ሲወርድ ግን መመለሱን ረሳው። ፍሬኑን ጨበጠች፤ እጀታው መሪው ድረስ መጣላት። ፔዳሉን ይዛ ወደ ጎን ነቀነቀችው፤ እንደሚወልቅ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ጀርመኖቹ ሲሸኙት አልቅሰዋል?»

«እንዴት፣ እናቴ?»

«ይኼ ሳይክል አይደለም፤ የሳይክል ፎቶ ነው» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በዚያ ሳምንት ሌሎች ሱቆችንም አዳረሰች። የትም ብትገባ ያው ነው፦ ብዙ ማርሽ፣ ብዙ ቀለም፣ ብዙ ሞላ፣ የማይዝ ፍሬን። ደህና የሚባለውን ሲያሳዩአት ደግሞ ዋጋው እንኳን የእሷን ደሞዝ የምንተስኖትንም ጨምሮ የሚውጥ ሆነ። ምንተስኖት ማታ ማታ የሻጮቹን ስም እያነሳ ይጠይቃታል፤ እሷም ስለ እያንዳንዳቸው ስትናገር እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ሰይፈሚካኤል የሚባል ሰው ቢሾፍቱ ላይ «ከውጭ የመጣ፣ በጥንቃቄ የተነዳ፣ ለቁም ነገረኛ ገዢ ብቻ» ብሎ ለጥፏል። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋውም እንደሌሎቹ አይገፋም። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄደች። ሰይፈሚካኤል ከሐይቁ በላይ ካለ ግቢው በር ላይ ተቀበላት። ሳይክሉ በእርግጥ ጥሩ ነበር፤ ቀላል፣ ለቁመቷም የሚስማማ። ልቧ ደንገጥ አለ። ይዛው ልትሄድ ምንም አልቀራትም።

«ይህ ተለጣፊ ምንድን ነው?» አለች፣ ከመሪው ሥር ብረቱ የተበየደበትን ቦታ ስታይ።

«የፋብሪካው ምልክት ነው።»

«ፋብሪካው ምልክቱን ብየዳው ላይ ነው የሚለጥፈው?»

«ወይዘሮ ዘርፉ፣ እኔ መሐንዲስ ነኝ» አለ ሰይፈሚካኤል ፈገግ ብሎ። «ስለ ብረት ከእኔ ጋር መከራከር አያስፈልግም።»

ዘርፉ አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ ተለጣፊውን በጥፍሯ ላጠችው። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብረቱን ግማሽ ዞሮታል።

«ቀለም ነው የተጫረው።»

«ቀለም ከሆነ መልካም። እስቲ ይውጡበትና በዚያ ቁልቁለት ወርደው ያሳዩኝ» አለች ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ኮረታማ መንገድ እያመለከተች።

ሰይፈሚካኤል ቁልቁለቱን አየ። ጉልበቱን ያመው እንደነበር ያኔ ትዝ አለው።

«ልጅ ያለው ሰው ነዎት» አለች ዘርፉ፤ ግቢው ውስጥ የልጅ ጫማ አይታለች። «ይኼን ገዝቶ ቁልቁለት ላይ አንገቱ የሚሰበረውም የሰው ልጅ ነው።»

«ገዢ አይቶ ነው የሚገዛው።»

ዘርፉ የላጠችውን ተለጣፊ መዳፉ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። ሲመሽ አዳማ እስክትገባ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። የሱቁን ጎልማሳ ንቃው ነበር፤ ይኼኛውን ግን ጠላችው። በማግስቱ ለጂቱ ደወለች።

«አካም ጂርታ፣ ዘርፌ!» አለች ጂቱ። «ሞተሻል ብዬ ነበር እኮ። ለቅሶ ላይ ካልሆነ አትገኚም።»

ጂቱ አዳሚ ቱሉ በግብርና ምርምር ማዕከሉ ስለ ፍየል መኖ ታጠናለች። ሳይክል አላቋረጠችም። ዘርፉ ሁሉንም በስልክ ነግራት፣ በቀጠሯቸው ቀን ቆቃንና መቂን አልፋ አዳሚ ቱሉ ስትደርስ፣ ጂቱ የጠበቀቻት ቀለሙ ለቆ ምን እንደነበረ በማይታወቅ አሮጌ ማውንቴን ላይ ተቀምጣ ነው። ሞላ የሚባል የለውም። ጎማው ግን አዲስ ነው፤ ካቴናውም ዘይት ጠጥቶ ያበራል።

«ይኼን ቆርቆሮ ነው የምትነጂው?» አለች ዘርፉ።

«ኮቱ፣ ነይ ውጪበት» አለች ጂቱ። ለራሷ የጎረቤቷን ሳይክል ተውሳ ነበር።

በግራር መሀል ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዙ። ዘርፉ ፔዳሉን ስትረግጥ ቆርቆሮ ያለችው ሳይክል እንደ ቀስት ተፈናጠረ። ፍሬኑን ስትነካው ያዘ። ማርሹን ስትቀይር ያለ ድምፅ ገባ። ደስታ ጭንቅላቷ ላይ ወጣና ጂቱን ጥላት በረረች። ከዚያ ዳገት መጣ። ዳገት እንኳ አይባልም፤ ፍየሎች እያኘኩ የሚወጡት ጉብታ ነው። ከመሀሉ ሳትደርስ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ጭኗ ነደደ፤ ጆሮዋ ጮኸ። ወርዳ ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች፤ የበላችው ቁርስ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

ጂቱ ደረሰችና ሳትወርድ በዙሪያዋ ትሽከረከር ጀመር። «ምነው? ዳገቱንም ስደቢው እንጂ።»

«ዝም በይ።»

«ሻጮቹን ሰደብሽ፣ ሳይክሎቹን ሰደብሽ፣ የእሁዶቹን ሰዎች ሰደብሽ። ያረጀሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ዘርፉ ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ዓይኑን ታወጣው ነበር። ጂቱን ግን ምን ትበላት? ግራር ሥር ተቀመጠች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያቃጥላታል። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁም ሳል ሆነባት።

«ይኼን ሳይክል ሽጪልኝ።»

«እኔስ በምን ልሂድ? በፍየል?» ጂቱ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ስሚ። ሰው የሚሳሳተው በሞላው ነው። ርካሽ ሞላ በእኛ አቧራ አንድ በጋ አይቆይም። የኋላ ሞላ ያለውን አትንኪ። የማርሹን ብዛት አትቁጠሪ፤ አዳማ ገበያ ላይ መለዋወጫው መኖሩን እይ። ከሁሉ በፊት ከቁመትሽ ጋር ይስተካከል፤ ስትቆሚበት ብረቱ እንዳይነካሽ። ደህና ፍሬን። ከዋጋው ላይ አትርፈሽ ጎማውን ቀይሪ፤ የእኛ እሾህ የፋብሪካውን ጎማ እንደ ወረቀት ነው የሚበሳው።»

ዘርፉ አዳማ ስትመለስ ቀጥታ ወደዚያ ጺሙን ወዳሰመረው ጎልማሳ ሱቅ ሄደች። ገና ሲያያት ፊቱ ጠቆረ። እሷ ግን ወደ ኋላ አልፋ፣ ከካርቶን ሥር ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አመድማ ሳይክል አወጣች። ከፊቱ አንድ አጭር ሞላ ብቻ አለው፤ ማርሹም ጥቂት ነው።

«ያ? ያንን ማንም አይፈልገውም፣ እናቴ። ዓይን አይገባም እኮ።»

«እኔ ዓይኔ ውስጥ ልከተው አይደለም። ና፣ ያዝልኝ።»

ቆመችበት፤ ልኳ ነው። ፍሬኑን ያዘች፤ ነከሰ። ጎማውን ከመሬት አንስታ አሽከረከረች፤ ሳይወላገድ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ተለጣፊ አልነበረውም፤ ብየዳውን በጣቷ እየዳሰሰች አንድ በአንድ አየች። የሚነቅፍ ነገር ስታጣ የኮርቻውን ጨርቅ ነቀፈች፣ የመሪውን ላስቲክ ነቀፈች፤ ለይምሰል ተከራከረችና ገዛችው። ጎሚስታ ቤት ወስዳ ወፍራም ጎማ አስገባችበት፤ የኋላውን ኩሽኔታ ግሪስ አስቀባች።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በፊት ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ትወጣ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሰፈር ዳር ያለውን ጉብታ እንኳ ገፍታ ነው የምትወጣው። እየገፋች ራሷን ትሰድባለች፤ ለማንም ያልተናገረችውን ስድብ። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ ጉብታውን ሳትወርድ ወጣችው።

ያኔ አደባባዩ ዳር ወዳየችው ክለብ ሄደች። የክለቡ ሊቀመንበር ወልደአማኑኤል የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሳይክሉን በሁለት ጣት አንስቶ ማሳየት ይወዳል። አመድማውን ሳይክል አይቶ፣ «እህቴ፣ ዛሬ የንፋስ ተርባይኖቹ ድረስ ነው የምንወጣው። ከኋላ መኪና ይከተለናል፤ ከደከመሽ አትፈሪ፣ ትሳፈሪያለሽ» አላት።

«መኪናውን ለራስዎ ይያዙት» አለች ዘርፉ።

ዳገቱ ላይ ግን አሳፋሪ ነበረች። ማኪያቶ ጠጪ ብላ የናቀቻቸው አብዛኞቹ አለፏት፤ አንዱማ ስልክ እያወራ ነው ያለፋት። ሳትወርድ ወጣች፤ ያም ሆኖ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የደረሰችው። ላይ ስትደርስ ትልልቆቹ ክንፎች ከራሷ በላይ ሹው፣ ሹው ይላሉ፤ ወንዶቹ ከሥራቸው ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ።

ለመውረድ ሲነሱ ዘርፉ ጥርጊያ መንገዱን ትታ በጎን ወደሚወርደው የከብት መንገድ ዞረች። ድንጋይና ቦይ ነው። ወልደአማኑኤል ሰው እያየው መቅረት ከብዶት ተከተላት፤ ከመጀመሪያው ቦይ ሲደርስ ግን ወርዶ ሳይክሉን በእጁ ያዘ።

«ይኼ ሳይክል ለእንዲህ ያለ መንገድ የተገዛ አይደለም» አለ።

«ማውንቴን ማለት እኮ ተራራ ማለት ነው፣ አቶ ወልደአማኑኤል። ሲገዙት አልተረጎሙልዎትም?» አለችና ፍሬኑን ለቀቀችው።

ፈራች። ግን ከኮርቻው ተነስታ ክብደቷን ወደ ኋላ ስትጥል፣ ክርኗ በራሱ ሲላላ፣ ጣቶቿ ፍሬኑን እየነኩ ሲለቁ፣ ሰውነቷ ሳይጠይቃት ሥራውን እንደጀመረ አወቀች። ድንጋዩ ከሥሯ ይንኳኳል። ጮኸች፤ ምን ብላ እንደጮኸች አታውቅም። ከታች፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል፣ አሸዋ ላይ የፊት ጎማዋ ሸሸና በጎኗ ተዘረረች። ክርኗ ተላጠ። አፈሩን እየተፋች ተነሳች፤ መጀመሪያ ያየችው ሳይክሉን ነው። ምንም አልሆነም።

ከላይ ወንዶቹ ይጣራሉ። ወደ እሷ የመጣችው ግን አንዲት ሴት ናት፤ የአንዱ አባል ሚስት ሱሃይላ። ሁልጊዜ ከኋላ መኪናው አጠገብ ነው የምትነዳው። ሳይክሏን ግማሹን እየገፋች፣ ግማሹን እየነዳች ወርዳ ደረሰች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ተጎዳሽ?»

«ክርን ነው፤ ይበቅላል።»

ሱሃይላ የመጣችበትን ቁልቁለት ዞራ አየች። «እኔንም አስተምሪኝ» አለች።

ዘርፉ ወደ ሱሃይላ ሳይክል ጎንበስ አለች። የወንድ ልክ ነው፤ ኮርቻው ሰማይ ወጥቷል። «ይኼን ማን መረጠልሽ?»

«ባለቤቴ።»

«ቁመትሽን በስልክ ነው የነገርሽው?» አለችና ከቦርሳዋ መፍቻ አውጥታ ኮርቻውን እስከቻለው ድረስ ዝቅ አደረገችላት። ሁለቱ ሳይክሎቹን እየገፉ የቁልቁለቱን የመጨረሻ ክፍል መልሰው ወጡ። ወንዶቹ በጥርጊያው ሄደዋል፤ አቧራቸው ብቻ ይታያል።

«ፊት ለፊት እዪ እንጂ ጎማሽን አትዪ! ቂጥሽን ወደ ኋላ! ፍሬኑን አትነቂው፣ ምን አደረገሽ?» እያለች ዘርፉ ከላይ ትጮሃለች፤ ሱሃይላም እየጮኸች ትወርዳለች።