ያጠሩት ጋዋኖች

እትዬ ሜትር ስሟ አይደለም። ሜትሩን ካንገቷ አውልቃ ስለማታውቅ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። እኔና እሷ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን አሥራ ሰባት ዓመት ሰፍተናል። እኔ ሱሪ ሰፊ ነኝ፣ እሷ የልጆች ልብስ ትሰፋለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የተጣላነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በግማሽ ሳንቲ ሜትር። እሷ ስትለካ ግማሿን ትተዋለች። "ልጅ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ!" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ግማሽ ስትቀር ደሜ ይፈላል። ልክ ማለት ልክ ነው፣ አለቀ!

ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው የክርስቲያን ትምህርት ቤት የልጆቹን ልብስ የሚያሰፋው እሷ ጋ ነው። ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን አሰልፋ አንድ በአንድ ትለካና ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተሯ ትጽፋለች። ስም አትጽፍም። "ጥርስ የለሹ"፣ "አልቃሻዋ"፣ "ጸሎት ላይ የሚስቀው" እያለች ነው የምትመዘግበው። እንዲህም ሆኖ አንዱ ልጅ ከሌላው ተምታቶባት አያውቅም።

ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ከነበሩት ሠላሳ አራት ልጆች አንዷ የራሷ ናት፤ ማለቴ የእህቷ ልጅ። እህቷ ስትሞት ገና ጡት ሳትተው ተቀብላ ያሳደገቻት ናት። ሚጢጢ ነው የምንላት። ለሚጢጢ ሲሆን እትዬ ሜትር ግማሿንም ሩቧንም ሳታስቀር ትጽፋለች። እኔን ለማብሸቅ ነው እንዳልል፣ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ሚጢጢ ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊቷን ታመመች። የሚሰጧት መድኃኒት ሕመሙን ያዘላት፣ ቁመቷንም አብሮ ያዘው። እኩዮቿ ሲመዘዙ እሷ እዚያው ቀረች። ዘንድሮም ትምህርት እንደተጀመረ ሰባት ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች፤ ስትነሣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀነሰላትና፣ "አሁን ቁመቷን ተከታተዪ። ከጨመረች ሰውነቷ እያገገመ ነው ማለት ነው። ካልጨመረች ግን ሌላ መላ እንፈልጋለን" አላት። ይህን ስትነግረኝ መርፌው ጣቷን ወጋት። እትዬ ሜትርን መርፌ ሲወጋት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በወሩ ለካቻት። ያው ነው። በሁለተኛው ወር ለካቻት። አሁንም ያው! ከዚያ በኋላ ተወችው። "ትምህርት ሲዘጋ ቀጠሮ አላት፣ ሐኪሙ ራሱ ይለካታል" አለችና ወሬውን ዘጋች። በዓይን አይቶ እንዳይታወቅ ደግሞ የልጅቷ ቀሚስ "ታድግበታለች" ተብሎ በሰፊው የተሰፋ ስለነበር ወገቧ ላይ ሁለቴ ታጥፎ ነው የምትለብሰው።

ትምህርት ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዳይሬክተሯ ነጭ ጨርቅ አሸክማ መጣች። በመዝጊያው ቀን አንደኛ ክፍሎች በነጭ ጋዋን ይዘምራሉ፣ እያንዳንዱም ልጅ ዓመቱን በምን እንዳደገ ወላጆች ፊት ይነገርለታል። ጨርቁ ልክክ ተደርጎ ስለተገዛ ለእጥፋት የሚተርፍ የለውም።

"ልጆቹን መቼ ነው የምትለኪያቸው?" አልኳት።

"ደብተሩ አለ አይደል?"

"እትዬ፣ ደብተሩ እኮ ዓመት ሊሞላው ነው!"

"አንተ ሱሪህን ስፋ!"

ተናደድኩና ወደ ሱሪዬ ዞርኩ። ነገሩ የገባኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ካሰለፈች ሠላሳ አራተኛዋን መለካቷ አይቀርም። ያንን ቁጥር ለሦስተኛ ጊዜ ማየት ፈርታለች። በማግስቱ ልንገራት ብዬ አፌ ድረስ መጣና መልሼ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ራሴን የምወቅስበት ነው።

የመዝጊያው ቀን ጠዋት በካውያ የተተኮሱትን ጋዋኖች ተሸክመን ከአዳራሹ አጠገብ ያለው ክፍል ገባን። ወላጆች አዳራሹን ሞልተውታል። ልጆቹ ለበሱ። ለበሱና ጉድ ፈላ! እጅጌው ከእጅ አንጓ በላይ ቀርቷል፣ ታችኛው ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተሰቅሏል። አንዱ በአንድ እግሩ ባለ መስመር፣ በሌላው ቡናማ ካልሲ ማድረጉ ተገለጠ። ጸሎት ላይ የሚስቀው ይህን ሲያይ መሳቅ ጀመረ፣ ክፍሉም ተከተለው።

ዳይሬክተሯ ስትገባ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። "እትዬ! ምንድን ነው የሆነው?"

"አዋረድኩሽ" አለች እትዬ ሜትር። ፊቷ ዐመድ መስሏል። "ሳልለካ ነው የሰፋሁት። ከደብተር ገልብጬ።" የአንዱን ልጅ ጋዋን ጠርዝ ገልብጣ የሚፈታ እጥፋት ፈለገች። የለም።

እኔ ግን ዓይኔ ሚጢጢን ነበር የሚፈልገው። ጥግ ላይ ሆና እንደ ልማዷ ቀስ እያለች ቁልፏን ትቆልፋለች። የሷ ጋዋን ልኳ ከሆነስ? ከሠላሳ አራት ልጅ መሃል አንዷ ብቻ ልኳ ከሆነ፣ አምላኬ ሆይ፣ ይህቺ ሴት እንዴት ትችለዋለች? እትዬ ሜትርም ያው ሐሳብ ሳይመጣባት አልቀረም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ባዶ መስቀያ መልቀም ጀመረች።

"አክስቴ!" የሚጢጢ ድምፅ ነው፣ እንባ እንባ ይላል። "የኔም አጠረብኝ! ካልሲዬ እየታየ ነው!"

መስቀያው ከእትዬ ሜትር እጅ ወደቀ። ዞራ አየቻት። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየቻት።

"ጫማሽን አውልቂ።"

አወለቀች። አሁንም አጭር ነው። እትዬ ሜትር ሜትሩን ካንገቷ አውርዳ ለእኔ ዘረጋችልኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን አስነክታኝ አታውቅም። "አንተ ለካ" አለችኝ። "እጄን አላመንኩትም።"

ልጅቷን ግድግዳው ላይ አስደግፌ የመዝሙር ደብተር ራሷ ላይ አጋደምኩ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ለካሁ። የመስከረሙን ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ። "ከዓመቱ መጀመሪያ በአራት ተኩል ሳንቲ ሜትር ይበልጣል" አልኳት።

"ድገም።"

"አራት ተኩል።"

"ድገም አልኩህ!"

ሦስተኛ ለካሁ። አራት ተኩል! እትዬ ሜትር አንዲት የሕፃን ወንበር ስባ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሚጢጢ ግራ ገብቷት ጠጋ አለች። "አክስቴ፣ ስላጠረ ነው የምታለቅሺው?"

"አዎ የኔ እናት፣ ስላጠረ ነው።"

ዳይሬክተሯ አፍንጫዋን ጠረገችና አጨበጨበች። "በሉ ተሰለፉ! እንዲሁ እንዳላችሁ ነው የምትወጡት።"

ልጆቹ መድረኩ ላይ ሲወጡ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አንድ አባት ከፊቴ ተቀምጦ "ይሄን የሰፋው ሰው ዓይን የለውም እንዴ?" ሲል ማጅራቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝ። ዳይሬክተሯ ግን ማይኩን ይዛ ቆመች። "ይህ ልብስ ዓመቱ ሲጀመር በለካናቸው ልክ የተሰፋ ነው" አለች። "እስቲ አሁን እግሮቻቸውን እዩልኝ። ጌታችንም አንድ ጊዜ ልጅ ነበር፣ እናቱም ልብሱ እያጠረባት ተቸግራ ይሆናል። ዛሬ እግዚአብሔርን የምናመሰግነው ልጆቻችንን ስላሳደገልን ነው።" ሳቁ ጭብጨባ ሆነ። ያ አባትም ሰው ፊት እንባውን በመሐረብ ጠረገ፤ ይበለው!

ከዚያ አንድ በአንድ ተጠሩ። አልቃሻዋ ዘንድሮ ሌላ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል ለምዳለች። ጥርስ የለሹ ማንበብ ችሏል፣ ጥርስም አብቅሏል። ቀጥሎ ሚጢጢ ወደ ፊት ወጣች። "ይህች ልጅ" አለች ዳይሬክተሯ፣ "ሰባት ሳምንት አልጋ ላይ ተኝታ፣ ስትመለስ ከሁላችን በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የዘመረች ናት። ዘንድሮ በትዕግሥት አድጋለች።"

"በአራት ሳንቲ ሜትርም አድጋለች!"

ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ሜትር ናት። ሰው ፊት ተናግራ የማታውቀው ሴት ከኋላ ወንበር ብድግ ብላ፣ ሜትሩን በእጇ ከፍ አድርጋ ቆማለች።

ዝም ልል ፈልጌ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

"አራት ተኩል!" ብዬ ከጎኗ ተነሣሁ። "አራት ተኩል ነው! እኔ ነኝ የለካሁት!"

እትዬ ሜትር አየችኝና፣ "አራት ተኩል" አለች።