ያልለቀቀው ጭቃ

ጋሼን በሐሰት ወንጅያቸዋለሁና ይጻፍብኝ። በለቅሶው ድንኳን ሰው እየሰማ፣ «የጣና ፀሐይ በላቻቸው፤ ጥላ ያዙ ብላቸው እምቢ አሉ» ያልሁ እኔ ታናሽ እኅታቸው ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቁንዝላ፣ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠሩ ኖሩ። ባሕር ዳር ሲመጡ ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ እግራቸውን ሳይታጠቡ አይገቡም ነበር። «ጭቃዬን ለእኅቴ አላወርስም» ይሉኛል። አንድ ቀን የውስጥ እግራቸውን ፈትገው ፈትገው፣

«እቴ፣ ይኼ ጭቃ አልለቅ አለኝ» አሉ።

አየሁት፤ ጥቁር ነጥብ ነው። «ማርያም ስማዎት ነዋ!»

«በሰባ ዓመቴ? ምነው ዘገየች!»

ሣቅን። ነጥቡ ግን ሰፋ፤ ቆሰለ። ሐኪም ቤት ስንደርስ የቆዳ ካንሰር ኖሯል፤ ተሠራጭቶም ነበር።

ድንጋዩ አሁን ደረቅ ነው። ከአርባቸው በኋላ ያከመቻቸውን ሐኪም «ፀሐይ ናት አይደል?» አልኋት።

«እማማ፣ ፀሐይ ይበልጥ የምትጎዳው ነጣ ያለ ቆዳን ነው። እንደኛ ባለው ላይ ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው የውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ነው፤ መንሥኤውም በደንብ አይታወቅም። የሳቸው ጥፋት አይደለም።»

«መጀመሪያ ያሳዩት ለእኔ ነበር» አልሁ።

«ያን ጊዜ ይዘዋቸው ቢመጡ ምናልባት ይድኑ ነበር» አለችኝ።